ላፕቶፓችሁን ከመጣላችሁ በፊት፦ ፒያሳ ላለው ባለሙያ ምስጋና

ይህን የምንጽፈው ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ላፕቶፕ የሚጠግነውን ወንድማችንን በሥራ ክፍላችን ስም ለማመስገን ነው። ስድስት ያረጁ ላፕቶፖችን ተረክቦ፣ ሃርድ ዲስካቸውን በኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል በሌለው ፈጣን ማከማቻ) ቀይሮ፣ ለሚያስፈልጋቸውም ራም (ፕሮግራሞች ሲሠሩ የሚጠቀሙበትን ጊዜያዊ ሜሞሪ) ጨምሮ አንድ ፋይል ሳይጎድል መልሶልናል። እግዚአብሔር እጁን ይባርክለት። ማራኪና ቴዎድሮስ ግቢ ያላችሁ ተማሪዎች፣ አራዳም ሆነ አዘዞ የምትሠሩ፣ "ኮምፒዩተሬ እስኪከፈት ቡና ተፈልቶ ያልቃል" የምትሉ ሁሉ ከመግዛታችሁ በፊት እሱን አማክሩት። ከፍጥነቱ በላይ ያስደሰተን አንድ ነገር ነው፤ ማሽኑን ከፍቶ ሳያይ ዕቃ አይሸጥም።

መጀመሪያ የሚመረምረው የድሮውን ሃርድ ዲስክ ጤንነት ነው። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም የተተኩና ለመነበብ ያስቸገሩ ሴክተሮች (የዲስኩ ትናንሽ ክፍሎች) ካሉ ያያል። ካሉ ወደ ሌላ ሥራ አይገባም፤ ሰነዱንና ፎቶውን አስቀድሞ ወደ ሌላ ዲስክ ያወጣል። ይህን ቅደም ተከተል የሚጠብቅ ባለሙያ ብዙ አይገኝም። ሊሞት የተቃረበ ዲስክ በቀጥታ ክሎን ሲደረግ (እንዳለ ወደ ሌላ ዲስክ ሲገለበጥ) ከዳር እስከ ዳር መነበብ ስላለበት መሃል ላይ ተንጣጥቶ የሚቆምበት ጊዜ አለ፤ ከዚያ በኋላ ፋይሉን ለማስመለስ የሚጠየቀው ገንዘብ ከላፕቶፑ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል።

ራም ላይ የሚደረገው ጥንቃቄ ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ጋ ነውና። የራም ዓይነቶች የሆኑት ዲዲአር3 እና ዲዲአር3ኤል ሁለቱም 204 እግር ያላቸው፣ ጠርዛቸው ላይ ያለው ክፍተትም አንድ ቦታ ላይ ስለሆነ አንዱ በሌላው ስሎት (መሰኪያ ቦታ) ልክ ይገባል። ልዩነታቸው ቮልቴጁ ነው፤ የመጀመሪያው 1.5 ቮልት፣ ሁለተኛው 1.35 ቮልት ይፈልጋል። አራተኛ ትውልድ የኢንቴል ፕሮሰሰር ያላቸው ላፕቶፖች የተሠሩት ለዝቅተኛው ነው። ተለጣፊው ላይ "ፒሲ3" ከሚለው ቀጥሎ "ኤል" የምትለዋ ፊደል ከሌለች ማሽኑ ሊነሳ ላይችል ይችላል፤ ቢነሳም ደጋግሞ ሊቆም ይችላል። እነዚህ ማሽኖች በአንድ ስሎት ከ8 ጊጋ በላይ አይቀበሉም፤ ስለዚህ ሁለት ስሎት ካለ ጣሪያው 16 ጊጋ ነው። ዲዲአር4 ደግሞ 260 እግር ስላለው በግድ ብትገፉትም አይገባም፤ ስሎቱን ትሰብራላችሁ እንጂ። አንዳንድ ቀጫጭን ላፕቶፖች ላይ ግማሹ ራም ቦርዱ ላይ የተበየደ ነው፤ ክፍት ስሎት መኖሩን ሳያረጋግጡ መግዛት ኪሳራ ነው።

አንዱ ላፕቶፕ 8 ጊጋ ነበረው። ባለሙያው ታስክ ማናጀር (የራም አጠቃቀምን የሚያሳየውን የዊንዶውስ መስኮት) ከፍቶ፣ የተለመዱትን ፕሮግራሞች በሙሉ አስነስቶ ከ5 ጊጋ እንደማያልፍ አሳየንና "ራም አትግዙ፣ ያዘገየው ዲስኩ ነው" አለን። ሌላው 4 ጊጋ ብቻ ነበረው፤ የተጫነበት ዊንዶውስ ደግሞ 32 ቢት ነው። እንዲህ ያለው ላይ የፈለጋችሁትን ያህል ራም ብትጨምሩ ከ4 ጊጋ በላይ አይጠቀምበትም፤ 64 ቢት ዊንዶውስ ካልተጫነ ራሙ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ገንዘባችንን ሳይቀበል ይህን ስለነገረን ከልብ እናመሰግነዋለን።

ራሙን ሲገጥም ቻርጀሩን ይነቅላል፣ ባትሪውን ያወጣል ወይም ሶኬቱን ከቦርዱ ይለያል፣ ከዚያ የማብሪያውን ቁልፍ 15 ሰከንድ ያህል ተጭኖ የቀረውን ኤሌክትሪክ ያስወጣል። ራሙን 30 ዲግሪ አካባቢ አዘንብሎ እስከ መጨረሻው ካስገባ በኋላ የግራና የቀኝ መያዣዎቹ ቀጭ እስኪሉ ወደ ታች ይጫነዋል። የወርቃማዎቹ እግሮች ግማሽ ከውጭ የሚታይ ከሆነ አልገባም ማለት ነው፤ ከራም ቅየራ በኋላ ስክሪኑ ጨልሞ የሚቀረው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ሥራው ሲያልቅ ሜምቴስት የሚባለው የራም መፈተሻ አንድ ሙሉ ዙር ሳይጨርስ ማሽኑን አያስረክብም። ይህ ሰዓታት ስለሚወስድ በዚያው ቀን ካልተሰጠን ብላችሁ አታስቸግሩት።

የኤስኤስዲው ነገር ቀለል ይላል። ሳታ በሚባለው ማገናኛ የሚሠራ ሃርድ ዲስክ ያለው አብዛኛው አሮጌ ላፕቶፕ ባለ 2.5 ኢንች ሳታ ኤስኤስዲ ይቀበላል። 7 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ኤስኤስዲ 9.5 ሚሊ ሜትር ቦታ ውስጥ እንዳይንቀሳቀስ የፕላስቲክ ክፈፉ ይጨመርበታል። በደቂቃ 5400 ዙር የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ በሰከንድ 100 ሜጋ አካባቢ ሲያነብ ጥሩ ሳታ ኤስኤስዲ 500 ያልፋል፤ ልዩነቱ ከዚያም በላይ የሚታወቀው ትናንሽ ፋይሎችን ሲከፍት ነው። ኤም 2 የሚባለው የቀጭን ኤስኤስዲ ስሎት ካለ ግን ሳታ ነው ወይስ ኤንቪኤምኢ (ከሳታ የፈጠነው ዓይነት) የሚለው ሳይለይ አይገዛም። 256 ጊጋ ገዝታችሁ ዊንዶውስ 238 ቢላችሁ አልተታለላችሁም፤ አምራቹና ዊንዶውስ የሚቆጥሩበት መንገድ ስለሚለያይ ነው። ስም የሌለውና በርካሽ ዋጋ "1 ቴራ" የሚባለውን ግን ተጠንቀቁ። ሐሰተኛው የሚጋለጠው እስከ መጨረሻው ተጽፎበት መልሶ ሲነበብ ነው፤ ባለሙያው ይህን ፈተና ደንበኛው ራሱ ገዝቶ ያመጣው ዕቃ ላይም ይሠራል።

ዊንዶውሱን በተመለከተ ሁለት ምርጫ ይሰጣል፤ እንዳለ ክሎን ማድረግ ወይም አዲስ መጫን። የተጠቀማችሁበት ቦታ ከአዲሱ ኤስኤስዲ ካነሰ ክሎን ይቻላል፤ ለዓመታት ቫይረስና ኮተት ያከማቸ ሲስተም ከሆነ ግን በእኛ እምነት አዲስ መጫን ይሻላል። ባዮሱ (ኮምፒዩተሩን የሚያስነሳው መሠረታዊ ፕሮግራም) ዲስክ የሚያነብበትን የድሮውን አይዲኢ ሁነታ ይዞ ከቆየ ወደ አዲሱ ኤኤችሲአይ ቢዛወር ይሻላል፤ ዊንዶውሱን ሳያዘጋጁ ከቀየሩት በሰማያዊ ስክሪን ይቆማል። የዊንዶውስ ፈቃዱ የሚታሰረው ከማዘርቦርዱ ጋር ስለሆነ ዲስክና ራም በመቀየራችሁ አብዛኛውን ጊዜ አይጠፋም። መብራት በመሃል ቢሄድ ክሎኑ እንዳይበላሽ ሥራውን የሚያካሂደው በዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በሚያገለግል መጠባበቂያ ባትሪ) ነው።

አንድ ነገር ሳይደብቅ ይናገራል፤ እኛም እንድገመው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም አብቅቷል፤ ከስምንተኛ ትውልድ በፊት ያሉት አብዛኞቹ የኢንቴል ማሽኖች ደግሞ ዊንዶውስ 11ን በይፋ አይቀበሉም። ኤስኤስዲ ይህን አይፈታም። ለጽሑፍ፣ ለኢንተርኔትና ለትምህርት ብቻ የምትጠቀሙ ከሆነ ሊኑክስ ሚንት (ዊንዶውስን የሚተካ ነጻ ሲስተም) እንዲጭንላችሁ ጠይቁት።

የዕቃውንና የእጁን ዋጋ ለያይቶ ይነግራችኋል፤ የወጣውን ሃርድ ዲስክና ራምም በእጃችሁ ይሰጣችኋል። አሮጌውን ዲስክ ቢያንስ ለአንድ ወር ሳታጠፉት አስቀምጡት፤ የተረሳ ፋይል የሚታወሰው ቆይቶ ነው። ስትሄዱ ቻርጀሩንና የይለፍ ቃሉን ያዙ፤ ቢትሎከር (ዲስኩን የሚቆልፈው የዊንዶውስ ጥበቃ) ካለ ደግሞ ባለ 48 አሃዙን ቁልፍ አስቀድማችሁ ጻፉት። አድራሻውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁን፤ ሱቁ ድረስ እንጠቁማችኋለን።