የአጎቴን በገና ድምፅ ለመለሰልኝ ሰው ምስጋና (ስቱዲዮ ለምትፈልጉም ጥቆማ)

አልበሜ አለቀ። ሦስት ዓመት ፈጀ፣ ሁለት ዙር ዕቁብ በላ፣ አለቀ። እግዚአብሔር ይመስገን።

ስምንት ሥራዎች ናቸው። ዘፈን ልበላቸው ወይስ መዝሙር፣ እኔም አልቆረጠልኝም። ጊታሩ ይጮኻል፣ ድራሙ ይደልቃል፣ ከሥር የአጎቴ በገና አለ። ግጥሞቹ ከፈጣሪ ጋር የተደረጉ ወሬዎች ናቸው። አንዳንዱ ጸሎት ነው፣ አንዳንዱ ክርክር። ዳዊት «አቤቱ፥ እስከ መቼ» እያለ እንደሚከራከረው ዓይነት።

ዛሬ የምጽፈው ግን ይህን ሁሉ ለሰው ጆሮ ስላበቃልኝ የድምፅ ባለሙያ ነው። ስሙን እንዳልጽፍ ለምኖኛል። «ሰው ከበዛ እቸኩላለሁ፤ ከቸኮልኩ አበላሻለሁ» አለኝ። ስልኩን ግን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ እሰጣለሁ፤ እሱን ፈቅዷል።

ከሱ በፊት ያየሁትን ፍዳ ልንገራችሁና ልቤ ይውጣልኝ። የማንንም ስም አልጠራም። ራሳቸውን ያውቃሉ።

ቀን ቀን የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ባንድ የለኝም፣ ፕሮዲዩሰር የለኝም፣ አይዞሽ የሚል ስፖንሰር የለኝም። የዕቁባችንን ሰብሳቢ ለምኜ ዕጣ አስቀድሜ ወሰድኩና 70 ሺህ ብር ቀብድ ይዤ አንድ ስቱዲዮ ገባሁ። የቆዳ ሶፋ፣ ግድግዳው ላይ ቀይ መብራት፣ ቡና በነጻ። ሞኝ ነኝ፣ በሶፋው ተሸወድኩ።

አቀናባሪ ነኝ ያለው ልጅ ሥራዬን ግማሽ ደቂቃ ሰምቶ አቆመው። «እህት፣ ይሄ ለማን ነው የሚሸጠው? ወይ የለየለት መዝሙር እናርገው፣ ወይ ቢት ይግባበትና ሰው ይጨፍርበት» አለኝ። ጃኖ ባንድ ያገራችንን ዜማ ከሮክ ጊታር ጋር ካስማማ ወዲህ ጆሯችን ለምዷል ብዬ ነበር። ለካ እንደ ጆሮው ነው።

እሱንስ ቻልኩት። ያንገበገበኝ የአጎቴ ነገር ነው። አጎቴ 72 ዓመታቸው ነው። በገናቸውን በጋቢ ጠቅልለው፣ ሁለት ታክሲ ቀይረው መጡ። ደረጃ ላይ ሦስት ሰዓት አስጠበቋቸው። ሲገቡ ደግሞ ያ ልጅ «ፋዘር፣ ቶሎ ቶሎ በል፣ ሰዓት እየሄደ ነው» አላቸው። በል! አጎቴ ምንም አልመለሱም። በገናውን ገና ሳይቃኙ «ቀረጻ ጀምረናል» ተባሉ። ስንመለስ ታክሲ ውስጥ አንድ ቃል አልወጣቸውም። ቤት ሲደርሱ «ሁለተኛ እንዲህ ያለ ቦታ እንዳትወስጂኝ» አሉኝ፣ አበቃ።

ከወር በኋላ የሰጡኝን ስሰማው በገናው ሞቷል። እዚያ አለ፣ ግን ሞቷል። ምን እንደጎደለ ማስረዳት አልቻልኩም፣ ቃሉም የለኝም። ቀብዴን ስጠይቅ ሳቁብኝ። የተቀረጸውን ሁሉ ስጡኝ ስል ሌላ 20 ሺህ ጠየቁኝ። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 እያልኩ ብፎክርም ስልክ የሚያነሳ ጠፋ። ከፈልኩና ወሰድኩ።

ሁለተኛው ቤት ጨዋ ነበር፤ ችግሩ ስንፍና ነው። ድምፄን በኦቶቲዩን፣ ድምፅ በሚያስተካክለው ማሽን፣ ለቅልቆ ሰጠኝ። በአንቺሆዬ ቅኝት የዘፈንኩት ሁሉ እንደ ፒያኖ ቀጥ ብሎ፣ ምኑም ምኑም አንቺሆዬ ሳይመስል መጣ። «የሳትሽውን አስተካከልኩልሽ» አለኝ ደስ ብሎት። እኔም የምስት መስሎኝ ስድስት ወር ሙሉ ግጥሞቹን ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩባቸው።

ወደዚህኛው ሰው የወሰደኝ ጊታር የተጫወተልኝ የሰፈር ልጅ ነው። ስቱዲዮው ሰርቪስ ቤት ነው። ግድግዳው ላይ ስፖንጅ፣ በሩ ላይ ብርድ ልብስ። ሶፋ የለም። በልቤ «ደግሞ ወዴት መጣሁ» አልኩ።

የድሮውን ፋይል ስጪኝ አለ። ማዳመጫውን አጠለቀ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ አንዱን ሥራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰማው። እስከዚያ ቀን ድረስ ጨርሶ የሰማኝ ሰው አልነበረም። ከዚያ ማዳመጫውን አወለቀና «ይሄ በገና እንዚራ የለውም እንዴ?» አለኝ።

እዚያው ወንበሬ ላይ አለቀስኩ።

ለማታውቁት፣ በገና አሥር አውታር አለው። እያንዳንዱ አውታር በሚያርፍበት ቦታ ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ትገባበታለች። እሷ ናት እንዚራ። አውታሩ ሲነካ በቆዳዋ ምክንያት እንደ ንብ ቀፎ እም... ይላል። በገናን በገና ያደረገው ያ ንዝረት ነው። እነዚያ ልጆች የመሣሪያ ጫጫታ መስሏቸው አጽድተው ጣሉት! በማሽን አጠቡት። ምን እንዳደረጉ ዛሬም በቴክኒክ ቋንቋ አይገባኝም። ይህ ሰው ግን አንዴ ሰምቶ አወቀው።

ሙስሊም ነው። በገና ከየት አወቅክ ስለው፣ ልጅ ሆኖ ጎረቤታቸው አንድ አዛውንት በዐቢይ ጾም ማታ ማታ ሲደረድሩ በአጥር ይሰማ እንደነበር ነገረኝ። እኔም ያደግኩት እንደዚያ ነው። አባቴ ካረፈ በኋላ ያሳደጉኝ አጎቴ ናቸው። በጾም መብራት አጥፍተው ሲደረድሩ እኛ ልጆች ማሳል አይፈቀድልንም ነበር። አንድ ጊዜ ሳቅ አፍኖኝ በቁንጥጫ አልቅሻለሁ። የአልበሙ ሦስተኛ ሥራ ስለዚያች ጨለማ ክፍል ነው።

አጎቴ ስቱዲዮ አልሄድም እንዳሉ ነገርኩት። «ታዲያ እኔ እሄዳለኋ» አለ፣ እንደ ቀላል ነገር።

በ2017 ዓቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ውስጥ ተከታትለው እንደገቡ ታስታውሳላችሁ። «ሱሁሬን በልቼ እመጣለሁ፤ ለሊት ጸጥ ይላል» አለኝ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ዕቃውን በሁለት ቦርሳ ተሸክሞ አጎቴ በር ላይ ቆመ። ጫማውን አወለቀ። ሰዓቱን አየና «ከአዛን በፊት አንድ ሰዓት አለን፤ ከዚያ በኋላ የናንተም ድምፅ ማጉያ ይከፈታል» አለ። የሁለቱንም ሰዓት በቃሉ ያውቃል።

ከዚያ አጎቴ ፊት ዝቅ ብሎ «አባባ፣ እኔ የለሁም ብለው ያስቡ። ሲፈልጉ ይጀምሩ» አላቸው። አጎቴ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ቃኙ። አንድም ቃል አልተነፈሰም። ማይኩን እንኳ ያስጠጋው ፈቃድ ጠይቆ ነው። በዚያች ሌሊት የተቀረጸው ነው አልበሙ ላይ ያለው፣ ከነንቡ። ሲሄድ አጎቴ «ያ ልጅ የማን ልጅ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። አጎቴን ብታውቋቸው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባችሁ ነበር።

የኔን ድምፅ ደግሞ ከሥራ ስወጣ ማታ ማታ ነበር የምንቀርጸው። አንድ ቀን እህል ሳልቀምስ ውዬ ሄድኩ። ሁለት መስመር ስዘፍን አቆመኝና «ድምፅሽ ደክሟል፤ እንቀመጥ» አለ። አፍጥር ደርሷል። ባለቤቱ በሰሃን ሳምቡሳ ልካለች፣ ከጎኑ በፌስታል የተጠቀለለ ሌላ። «ያንቺ ይሄኛው ነው፤ በምስር ነው የሠራችው፣ ዘይቱንም ለብቻ አድርጋ» አለኝ። መጾሜን እኔ አልነገርኩትም። እኔን አይታ የማታውቅ ሴት ለኔ ጾም ድስት ለይታለች። ስለ ሚክሲንግና ማስተሪንግ የፈለጋችሁትን ያህል አስረዱኝ፤ እኔ የማስታውሰው ያንን ፌስታል ነው።

ከሳምቡሳው በኋላ የዘፈንኩት ነው አምስተኛው ሥራ። አንቺሆዬ ነው። ማስተካከያ ማሽኑን ይከፍተው እንደሆነ ብጠይቀው «ምኑን ነው የማስተካክለው?» አለኝ።

እንከን የለውም እንዳልል። ቀርፋፋ ነው። ሁለት ሳምንት ብሎኝ ሦስት ወር ወሰደ። ስልኩን ሲሠራ ይዘጋል፣ ትበሳጫላችሁ። ብርድ ልብሱ ደግሞ ሁሉንም አይከለክልም፤ የመጨረሻው ሥራ ማብቂያ ላይ ጆሮ ለሰጠ ሰው ከሩቅ «ቆራሌው!» ይሰማል። ላጥፋው ወይ አለኝ። ተወው አልኩት፣ ለሰፈራችንም ይጸለይለት።

ዋጋው? የመጀመሪያዎቹ ከወሰዱብኝ ከግማሽ በታች ነው። ቀብድ አልጠየቀኝም። ሲጨርስ የተቀረጸውን ሁሉ፣ የተበላሸውን ሳይቀር፣ በሃርድ ዲስክ ሞልቶ «ንብረትሽ ነው» ብሎ ሰጠኝ።

በገና የሱባኤ ዕቃ ነው፣ ከጊታር ጋር ምን አገናኘው የሚሉኝ ወንድሞችና እህቶች አሉ። አከብራቸዋለሁ። አጎቴን ጠይቄ ነው የገባሁበት። «ዳዊት ጊታር አላለም» አሉ፣ ትንሽ አሰቡና «ጊታር አይግባም አላለም ግን።»

እባካችሁ፣ ግጥምና ዜማ ይዛችሁ የምትንከራተቱ፣ ብር ያጠራችሁ፣ «ለማን ይሸጣል» ተብላችሁ አንገታችሁን የደፋችሁ፣ እዚህ ሰው ጋ ሂዱ። መዝሙርም ይሁን መንዙማ፣ ሮክም ይሁን ክራር ብቻ፣ ሂዱ። ሶፋ አትጠብቁ። ቀን ከደወላችሁ አያነሳም፤ ከመግሪብ በኋላ ሞክሩ። ሽማግሌ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ አስቀድማችሁ ንገሩት፤ መደገፊያ ያለው ወንበር ከጎረቤት ይዋሳል።