ሸራ፣ የፀሐይ ዋሻ ወይስ ምድጃ ያለው ማድረቂያ? ለአነስተኛ ገበሬዎች የእህል ማድረቂያዎች ንጽጽር

እህል ማድረቂያ ለመግዛት ያሰበ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው የትኛው ፈጥኖ እንደሚያደርቅ ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም፣ ከእርሱ በፊት ምርቱ በሚሰበሰብበት ወቅት አየሩ ምን እንደሚመስል መታወቅ አለበት። እህሉ የሚደርሰው ዝናቡ ካባራ በኋላ ከሆነ ውድ መሣሪያ መግዛት ገንዘብ ያለ ቦታው ማዋል ይሆናል፤ ዝናቡ ሳያቆም የሚደርስ ከሆነ ግን ፀሐይን ብቻ የሚጠብቅ ገበሬ የዓመት ልፋቱን ለሻጋታ ያስረክባል።

የሥራውን ክብደት በቁጥር ማየት ይጠቅማል። 20 በመቶ እርጥበት ያለው 10 ኩንታል በቆሎ፣ ለክምችት ወደሚስማማው 13 በመቶ እንዲወርድ 80 ኪሎ ግራም ያህል ውሃ ሊወጣለት ይገባል፤ በ25 በመቶ ከተሰበሰበ ደግሞ የሚወጣው ውሃ 138 ኪሎ ግራም ገደማ ይደርሳል። ይህን ሁሉ ውሃ ተሸክሞ የሚወጣው አየር ነው። 25 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሙቀትና 85 በመቶ አንጻራዊ እርጥበት (አየሩ በዚያ ሙቀት ሊይዝ ከሚችለው ውሃ ውስጥ የያዘው ድርሻ) ያለውን አየር በ10 ዲግሪ ብቻ ብናሞቀው አንጻራዊ እርጥበቱ ወደ 50 በመቶ ገደማ ይወርድና ውሃ የመቀበል አቅሙ በእጅጉ ይጨምራል። ማራገቢያ ብቻ ገዝተው በዝናብ ወቅት እህላቸው አልደርቅ የሚላቸው ሰዎች ችግር ከዚሁ ይመነጫል፤ እርጥብ አየር የቱንም ያህል ቢነፍስ በቆሎውን 13 በመቶ ላይ አያደርሰውም።

ከሁሉም ርካሹ ሸራ ነው፤ ከባዶ መሬት ጋር ሲነጻጸር ከአፈር የሚመጣውን እርጥበት፣ ጠጠርና ቆሻሻ ስለሚከላከል ብቻ እንኳ ዋጋውን ይመልሳል። ይሁን እንጂ ብዙዎች ሸራውን ገዝተው አጠቃቀሙን ያበላሹታል። እህሉ ከ2 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ብቻ ሊኖረው፣ በየግማሽ ሰዓቱም ሊገላበጥ ይገባል፤ በ4 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ከተሰጣ 10 ኩንታል በቆሎ 35 ካሬ ሜትር ያህል፣ ማለትም ሰባት በአምስት ሜትር ሸራ ይፈልጋል። በጠባብ ሸራ ላይ በወፍራሙ የተሰጣ እህል ውስጥ ከሰዓት በኋላ እጁን የሰደደ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል፤ የላዩ ፍሬ ሞቆና ጠንክሮ በጥርስ ሲነከስ ቀጭ ይላል፣ የታቹ ግን ቀዝቃዛና ላብ ያዘለ ነው። እንዲህ ያለው እህል ተቀላቅሎ ከተከተተ ሻጋታው የሚጀምረው ከታቹ ፍሬ ነው። በቆሎን ከነቆረቆንዳው ለማቆየት ለሚፈልግ ደግሞ ግድግዳው አየር የሚያሳልፍ ጠባብ የቆጥ ጎተራ ጥሩ አማራጭ ነው፤ እርጥበት በበዛበት አካባቢ ስፋቱ ከ60 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል።

በሸራና በምድጃ መካከል የሚገኘው የፀሐይ ዋሻ፣ ማለትም እህል የሚሰጣበት የፕላስቲክ ዋሻ ነው። ከእነዚህ አንዱ የሆነውን ሶላር በብል ድራየር ዓለም አቀፉ የሩዝ ምርምር ተቋም፣ የጀርመኑ ሆሄንሃይም ዩኒቨርሲቲና ግሬይንፕሮ የተባለው ኩባንያ በጋራ ሠርተውታል። በሶላር ፓነል የሚሠሩ ትናንሽ ማራገቢያዎች የፕላስቲክ ዋሻውን ነፍተው ያቆሙታል፣ እርጥቡንም አየር ያስወጣሉ። ትልቁ ጥቅሙ ድንገተኛ ዝናብ ሲመጣ እህል ለማንሳት መሯሯጥን ማስቀረቱና ነዳጅ አለመፈለጉ ነው። ነገር ግን ሰማዩ ለቀናት ከተሸፈነ እርሱም ይዘገያል፤ ማገላበጡም አይቀርም፣ ፕላስቲኩም ከጊዜ ብዛት በፀሐይ ያረጃል። ዝናቡ መጣ ሄድ ለሚልበት አካባቢ የእኔ ምርጫ ይህ ነው።

ፀሐይ ጨርሶ በማይታመንበት ቦታ ግን ያለ ምድጃ መፍትሔ የለም። ኢዚድራይ ኤም 500 በኬንያ ለአነስተኛ የበቆሎ ገበሬዎች የተዋወቀ፣ ተነቃቅሎ የሚጓጓዝ መሣሪያ ሲሆን፣ የበቆሎ ቆረቆንዳ እያነደደ 500 ኪሎ ግራም በቆሎ በሦስት ሰዓት ገደማ ያደርቃል። በቬትናም ኖንግ ላም ዩኒቨርሲቲ የተሠራው፣ አንዱ በሌላው ውስጥ በቆሙ ሁለት የቀርከሃ ምንጣፍ ሲሊንደሮች መካከል እህል የሚያዘው ማድረቂያ ደግሞ እስከ 10 ኩንታል ይይዛል፤ በአነስተኛ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ስለሚሠራ ግን ቀናት ይወስዳል። የዚሁ ዓይነት መሣሪያ በባንግላዴሽ በከሰል ምድጃ ተሻሽሎ 500 ኪሎ ግራም ሩዝ ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ባለው ጊዜ እንዲያደርቅ ተደርጓል። የሩዝ ገለፈት የሚያነዱት ባለ ጠፍጣፋ አልጋ ማድረቂያዎች በአንድ ጊዜ ብዙ ቶን ስለሚይዙ የማኅበር እንጂ የአንድ ቤተሰብ ዕቃ አይደሉም።

እዚህ ላይ ስሌቱ ሊዘነጋ አይገባም። 20 ኩንታል የሚያመርት ቤተሰብ 500 ኪሎ ግራም የሚይዘውን ማድረቂያ ቢገዛ አራት ዙር፣ ማለትም 12 ሰዓት ያህል ሠርቶ እስከ ሌላው ምርት ድረስ ያስቀምጠዋል። ያው መሣሪያ በቀን ሦስት ዙር ለ30 ቀናት ቢሠራ ግን 450 ኩንታል ያደርቃል። ስለዚህ ምድጃ ያለውን ማድረቂያ ጎረቤታሞች በጋራ ቢገዙት ወይም አንድ ወጣት እየተዘዋወረ በክፍያ ቢያደርቅበት ያዋጣል፤ ለአንድ ቤት ብቻ ግን አልመክርም። ሲገዛም ጭሱ በቀጥታ በእህሉ ውስጥ የሚያልፍ ነው ወይስ ሙቀቱ ብቻ በብረት ግድግዳ በኩል ይተላለፋል ብሎ መጠየቅ ያሻል፤ ጭስ የበላው እህል ሽታውን ይዞ ይቀራል፣ ለጤናም አይበጅም። ቴርሞ ሜትር የሌለውንም አይግዙ፤ ለዘር የሚሆን እህል ከ43 ዲግሪ በላይ ከሞቀ የመብቀል አቅሙ ይጎዳል።

የትኛውም ቢመረጥ ከማድረቂያው በፊት መግዛት የሚገባው የእርጥበት መለኪያ ነው። አነስተኛ ሃይግሮ ሜትር (የአየር እርጥበት መለኪያ) ከጥቂት እህል ጋር በፕላስቲክ ከረጢት ታሽጎ ንባቡ እስኪረጋ ሲቆይ የከረጢቱ አየር አንጻራዊ እርጥበት ከ65 በመቶ በታች መሆኑን ካሳየ በቆሎው ለክምችት ደርሷል። እርሱ ካልተገኘ፣ በደረቅ ጠርሙስ ውስጥ እህልና ደረቅ ጨው ጨምሮ በደንብ መነቅነቅና ትንሽ ማቆየት ይቻላል፤ ጨው ከጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ እርጥበቱ ገና ከ15 በመቶ በላይ ነው። ጨው አለመለጠፉ ግን 13 በመቶ መድረሱን አያረጋግጥም፤ አንድ ተጨማሪ ቀን ማስጣት ይመረጣል። ይህ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ሻጋታ የሚያመነጨውን አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ማድረቅም ሆነ ማብሰል ስለማያስወግደው ነው። አየር የማያስገባ ከረጢትም ነቀዝን ያፍናል እንጂ አያደርቅም፤ እርጥብ እህል ከታሸገበት እዚያው ይበላሻል። ከምድጃ የወጣ እህል ደግሞ በጥላ ስር በስሱ ተሰጥቶ ሙሉ በሙሉ ሳይበርድ ከረጢት ውስጥ ከገባ፣ ከሙቀቱ የሚወጣው ላብ ከረጢቱ ውስጥ ተመልሶ ያርሰዋል።