«ሙሉ ኪት» የተባለው የቱርቦ ሳጥን፦ ምኑ ይገጠም፣ ምኑ ይጣል?

በኢንተርኔት ገበያ «ለሁሉም መኪና የሚሆን ሙሉ የቱርቦ ኪት» እየተባለ የሚሸጥ ሳጥን አለ። ቱርቦ ማለት በሞተሩ ጭስ ኃይል እየዞረ አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ ነው። ስሙ ከሻጭ ሻጭ ይለያያል እንጂ ውስጡ አንድ ዓይነት ነው፦ የጋሬት ቲ25ን መልክ ይዞ የተሠራ ቱርቦ፣ የጭስ ማኒፎልድ፣ ኢንተርኩለር (የተጨመቀውን አየር የሚያቀዘቅዝ) ከነቱቦዎቹ፣ ብሎው ኦፍ ቫልቭ (ነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ የታመቀውን አየር የሚያስወጣ)፣ የዘይት መስጫና መመለሻ መስመር፣ የቡስት (ቱርቦው ከከባቢው አየር በላይ የሚጨምረው ግፊት) ጌጅ፣ በእጅ የሚዞር የቡስት መቆጣጠሪያ። አንዳንዱ ሳጥን በቡስቱ ልክ የነዳጅ ግፊት የሚጨምር ሬጉሌተርም አለው። የምንገመግመው በማዝዳ ኤምኤክስ-5 ላይ፣ እ.ኤ.አ. ከ1994 እስከ 1997 በወጣው ባለ 1.8 ሊትር ሞተር ነው። በራሱ እጅ ቱርቦ መግጠም የሚፈልግ ብዙ ሰው የሚጀምረው ከዚህ መኪና ነው፤ የሞተሩ የመጨመቅ ምጣኔም 9 ለ1 ስለሆነ መጠነኛ ቡስት ይችላል።

ግቡ 0.5 ባር ቡስት ነው። ፋብሪካው የሰጠው ጉልበት 130 ፈረስ አካባቢ ነው፤ አየሩ አንድ ጊዜ ተኩል ሲሆን ጉልበቱም በዚያው ልክ ወደ 195 ይጠጋል። ሻጮች በማስታወቂያቸው ላይ የሚጽፉትን 350 እና 400 ፈረስ ለእነሱ እንተውላቸው።

ፍርዱን ከወዲሁ እንናገር። ከሳጥኑ ውስጥ ግማሹ እንዳለ ይገጠማል፣ የተወሰነው ከተስተካከለ ይሆናል፣ የቀረው ይጣላል። ሞተር የሚያቃጥለው ግን በአብዛኛው «ሙሉ» ከተባለው ሳጥን ውስጥ የጎደለው ዕቃ ነው፤ እሱን ለማሟላት የሚወጣው ገንዘብ ከሳጥኑ ዋጋ ማለፉ የተለመደ ነው።

ሳጥኑ ሳይታዘዝ በፊት ሞተሩ ይለካ። ሞተሩ ሞቆ፣ ነዳጁና የእሳት መስመሩ ተነቅሎ፣ አራቱም ካንዴላ ወጥቶ፣ ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻው ተረግጦ በሞተሪኖ እየዞረ የእያንዳንዱ ሲሊንደር ግፊት ይመዝገብ። በከፍተኛውና በዝቅተኛው መካከል ያለው ልዩነት ከ10 በመቶ ካለፈ ፋሻው ወይም ቫልቮቹ ደክመዋል ማለት ነውና ገንዘቡ መጀመሪያ እዚያ ላይ ይዋል።

ቱርቦው ራሱ ከሚጠበቀው በላይ ደህና ነው። ዘንጉ የሚዞረው በዘይት ላይ በሚንሳፈፍ ቡሽ ስለሆነ፣ ደረቅ እያለ ወደ ጎን ሲነቀነቅ ትንሽ መወዛወዙ ጤነኛ ነው፤ ብዙ ገዢ ይህን አይቶ «ተበላሽቶ መጣ» ብሎ ይመልሰዋል። መጥፎው ምልክት ዘንጉ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲገፋ በእጅ የሚታወቅ ክፍተት መኖሩ፣ ወይም ክንፎቹ ቤቱን መንካታቸው ነው። በጣት እያዞሩ፣ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ትንሽ እየገፉ ማዳመጥ ይበቃል። የመፋቅ ድምፅ ከተሰማ አይገጠም።

ድክመቱ ዌስትጌቱ፣ ማለትም ቡስቱ ከልክ እንዳያልፍ ትርፉን ጭስ በተርባይኑ ጎን የሚያሳልፈው በር ላይ ነው። ቀዳዳው ትንሽ በመሆኑ ክዳኑ ሙሉ በሙሉ ቢከፈትም የጭሱን ብዛት አያሳልፍም፤ ስለዚህ በ0.5 ባር ላይ መቆም የነበረበት ቡስት የሞተሩ ዙር ሲጨምር ቀስ እያለ ወደ 0.7 እና 0.8 ይወጣል። መፍትሔው ቀዳዳውን በመፍጫ ማስፋት ነው። ክዳኑ የሚያርፍበት ጠርዝ ዙሪያውን ቢያንስ 2 ሚሊ ሜትር መቅረት አለበት፤ ካለፈ ክዳኑ መዝጋት ያቅተዋል፣ ቱርቦውም ቶሎ ግፊት አይሠራም።

ማኒፎልዱ በሁለት ዓይነት ይመጣል። የሚያብረቀርቀው በቱቦ የተበየደ አይዝጌ ብረት ለፎቶ ያምራል፤ ግድግዳው ስስ ስለሆነ የቱርቦው ክብደትና ሙቀቱ ተባብረው ብየዳው ላይ ይሰነጥቁታል። ጥቁሩና ከባዱ የብረት ቀልጦሽ (ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት) አስቀያሚ ቢሆንም ዕድሜ አለው። ምርጫ ካለ ቀልጦሹ ይወሰድ። ከቴስታታው ጋር የሚገጥመው ፊት ጠፍጣፋ መሆኑ በቀጥ ማስመሪያና በ0.1 ሚሊ ሜትር የክፍተት መለኪያ ይፈተሽ፤ መለኪያው ከገባ ፊቱ ይላግ። አለዚያ ጓርኒሲዮኑ በሁለት ሳምንት ይነፋል።

ከሳጥኑ የሚወጡት ብሎኖችና ዳዶዎች በሙሉ ይጣሉ። ቱርቦውን ከማኒፎልዱ ጋር የሚያስሩት አራት ብሎኖች ግለው ቀይ እስኪሆኑ ይሞቃሉ፤ ተራ ብረት በዚያ ሙቀት ይለጠጣል፣ መጨበጡን ያጣል፣ ዳዶው ይፈታል። ውስጡ ፕላስቲክ ያለው ዳዶ ደግሞ ፕላስቲኩ ስለሚቀልጥ እዚህ ቦታ ጨርሶ አይገባም። የሚሻለው የኢንኮኔል (ሙቀት የሚችል ቅይጥ) ብሎን ከመቆለፊያ ሮንዴላ ጋር ነው። የጭስ ቱቦው ክብደት በእነዚህ አራት ብሎኖች ላይ ብቻ እንዳይንጠለጠል ቱቦው በቅንፍ ከካምቢዮው ጋር ይታሰር፣ መሃሉ ላይም የሚተጣጠፍ ክፍል ይኑረው። ቅንፍ ሳይኖር «ብሎኑ እየላላ አስቸገረኝ» ማለት ራስን ማታለል ነው።

አሁን ወደ ዘይቱ እንምጣ፤ ከሳጥኑ ውስጥ ብዙ ቱርቦ የሚገድለው ክፍል ይህ ነው። መስጫ መስመሩ እንደ ጨርቅ በተሸመነ ብረት የተሸፈነ ቱቦ ነው፣ ጥራቱም ይሆናል። ችግሩ መግጠሚያው ነው። በኤምኤክስ-5 የዘይት ግፊት ሴንሰር ቦታ ላይ ያለው ጥርስ የእንግሊዝ ደረጃ አንድ ስምንተኛ ኢንች፣ በኢንች 28 ጥርስ ነው፤ ኪቱ የሚልከው የአሜሪካ ደረጃ፣ በኢንች 27 ጥርስ ነው። ሁለቱ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፤ ሁለት ዙር ያህል ይገጥሙና ይጠነክራሉ። ሰው «ጠበቀ» ብሎ ይተወዋል፤ ግፊት ያለው ዘይት ከጋለ ማኒፎልድ አጠገብ ያንጠባጥባል፣ ከዚያ የሚከተለው እሳት ነው። ትክክለኛው መግጠሚያ ለብቻው ይገዛ።

አንዳንድ ኪት መስጫው ላይ የምትገባ 1 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ያላት ማጥበቢያ ይልካል። እሷ የምትጠቅመው ባለ ኩሽኔታ ቱርቦ ላይ ነው። ይህኛው ባለ ቡሽ ስለሆነ ብዙ ዘይት ይፈልጋል፤ ማጥበቢያዋ ከገባች ቡሹ ይራባል።

መመለሻው ከዚህ ይብሳል። ዘይቱ ከቱርቦው የሚወጣው በግፊት ሳይሆን በራሱ ክብደት ወርዶ ነው፣ አረፋም ይዞ ነው የሚወጣው። ከሳጥኑ የሚመጣው ቱቦ ውስጡ 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን የሚያስፈልገው 16 ነው። መንገዱ በሙሉ ቁልቁል ይሁን፤ አንድም ቦታ ላይ ዘይት የሚያቁር ዝቅታ አይኑረው፤ ኮፓው ላይ የሚገባውም ከዘይቱ ወለል በላይ ነው። የቱርቦው መሃል ቤት ሲገጠም የዘይት መውጫው ከቀጥታ ቁልቁል ከ35 ዲግሪ በላይ አይዘንበል። ኮፓውን ሳያወርዱ የሚበሱ መሰርሰሪያውን ግሪስ እየቀቡ በዝግታ ይብሱ፣ በኋላም ርካሽ ዘይት ጨምረው ያጥቡት። ሆኖም አንዲት የብረት ፍቅፋቂ ወደ ዘይት ፓምፑ ከሄደች ትርፉ ኪሳራ ስለሆነ ማውረዱ ይመረጣል።

ከጭስ ማውጫው ሰማያዊ ጭስ ሲወጣ የመጀመሪያው ጩኸት «የቱርቦው ሲል ሄዷል» ነው። ቱርቦ ውስጥ ግን ዘይት የሚያግድ የጎማ ሲል የለም፤ እንደ ፒስተን ፋሻ ያለች ቀጭን ቀለበት ናት ያለችው። መመለሻው ከታፈነ ዘይቱ ቀለበቷን አልፎ ወደ ጭሱና ወደ አየሩ ይወጣል። የሚያፍነው ደግሞ ቱቦው ብቻ አይደለም። ከቴስታታው ክዳን ወደ አየር ማስገቢያው የሚሄደው የሞተር መተንፈሻ ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ ከሌለው፣ ቡስቱ በእሱ በኩል ወደ ሞተሩ ሆድ ይገባል፣ ኮፓው ይነፋል፣ ከላይ የሚወርደው ዘይት መግቢያ ያጣል። ይህች ትንሽ ቫልቭ ሳጥኑ ውስጥ የለችም። ቱርቦ ቀይረው ቀይረው ጭሱ ያልጠፋላቸው መጀመሪያ እሷን ይፈትሹ።

ቱርቦው የውኃ መግቢያ ካለው ውኃው ይገጠም። ሞተሩ ሲጠፋ የተርባይኑ ግለት ወደ ቡሹ ይመለሳል፤ ቆሞ የቀረውን ዘይት ወደ ከሰል የሚለውጠው እሱ ነው።

ኢንተርኩለሩ የሳጥኑ ምርጥ ዕቃ ነው። 30 ዲግሪ የነበረ አየር በ0.5 ባር ሲጨመቅ፣ የመጭመቂያው ብቃት 65 በመቶ ቢሆን፣ ወደ 87 ዲግሪ ይደርሳል። ተጨማሪውን ሙቀት 70 በመቶ የሚቀንስ ኢንተርኩለር ወደ 47 ያወርደዋል። ይህ ኢንተርኩለር ፊት ለፊቱ አየር ካገኘ ለዚህ ጉልበት ያንሳል አይባልም። ቱቦዎቹ 63 ሚሊ ሜትር ናቸው፤ ለ200 ፈረስ 51 ይበቃ ነበር። ትርፉ ስፋት ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ ቦታ ያጣብባል እንጂ። የቱቦዎቹ ጫፍ ግን ልሙጥ ከሆነ ሲሊኮኑ በግፊት ተንሸራቶ ይወልቃል። ጫፉ ላይ በብየዳ ትንሽ ጉብታ ይሠራ፣ በጠመንጃ መፍቻ የሚጠብቀው ቀጭን ማሰሪያም በባለ ቲ ብሎን ማሰሪያ ይተካ።

ከፍታ ላይ ለሚነዳ አንድ ነገር እናክል። በ2,400 ሜትር የአየሩ ግፊት 0.76 ባር አካባቢ ስለሆነ፣ ጌጁ 0.5 ሲያሳይ ቱርቦው አየሩን የሚያባዛው በ1.5 ሳይሆን በ1.66 ነው። ቱርቦው ይበልጥ ይለፋል፣ አየሩም ይበልጥ ይሞቃል።

ብሎው ኦፍ ቫልቩ ይሠራል። ድምፁን ወደ ውጭ ማውጣት የሚወድ ይወቅ፦ የፋብሪካው የአየር መለኪያ ካልተነሳ፣ የተለካው አየር ሲወጣ ሞተሩ ነዳጅ ይበዛበትና ማርሽ ሲለቀቅ ይጠፋል። ወደ ማስገቢያው ይመለስ።

ነዳጁ ላይ ሳጥኑ ይወድቃል። ግፊት የሚጨምረው ሬጉሌተር ትንንሾቹን የፋብሪካ ኢንጀክተሮች (ነዳጅ የሚረጩትን) በኃይል ሊያስገድድ ይሞክራል፤ ግፊቱ ሲያድግ ፓምፑ የሚሰጠው መጠን ይቀንሳል፣ ሬጉሌተሩም የእሳቱን ጊዜ አያውቅም። ይጣል። ስሌቱ ቀላል ነው። በቡስት ላይ አንድ ፈረስ ጉልበት በሰዓት 270 ግራም ቤንዚን ይበላል ብንል 200 ፈረስ 54 ኪሎ ግራም ይፈልጋል። ለአራት ሲካፈል 13.5 ይሆናል፤ ኢንጀክተሩ ከ80 በመቶ በላይ ክፍት እንዳይቆይ ለ0.8 ሲካፈል 17 ኪሎ ገደማ። ይህ በደቂቃ ከ380 እስከ 400 ሚሊ ሊትር ነው። ስለዚህ ከ420 እስከ 450 የሆነ ኢንጀክተር ይገዛ። ፓምፑ በሰዓት 190 ሊትር የሚሰጥ ይሁን፤ ባለ 255ቱ ለዚህ መኪና የፋብሪካ ሬጉሌተር ይበዛበታል።

እነዚህን የሚያዝ ኮምፒውተር ያስፈልጋል። ሜጋስኩዊርትን የመሰለ ራሱን የቻለ መቆጣጠሪያ፣ እስከ 2.5 ባር የሚያነብ የማኒፎልድ ግፊት ሴንሰር፣ የቦሽ ኤልኤስዩ 4.9 ሰፊ የኦክስጅን ሴንሰር፤ ሦስቱም ሳጥኑ ውስጥ የሉም፣ ሦስቱም ግዴታ ናቸው። በሙሉ ቡስት የአየርና የነዳጅ ድብልቁ 11.5 ለ1 አካባቢ ይሁን። የእሳቱ ጊዜ ቱርቦ ከሌለው ሞተር ለእያንዳንዱ 0.07 ባር አንድ ዲግሪ እየዘገየ ይጀመር፤ በ0.5 ባር 7 ዲግሪ ማለት ነው። ኦክታኑ ከ95 ባነሰ ቤንዚን ይህም አይበቃም፣ ቡስቱ ይቀነስ። ሞተሩ ካንኳኳ (ድብልቁ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለ ሥርዓት ከፈነዳ) መጀመሪያ የሚሰበረው በፒስተኑ ላይ ፋሻ የሚቀመጥበት ጠርዝ ነው፤ አንዳንዴ አንድ ጊዜ በሙሉ ጉልበት መርገጥ ይበቃዋል። ካንዴላው ኤንጂኬ ቢኬአር7ኢ ይሁን፣ ከፋብሪካው 5 ቁጥር ሁለት ደረጃ የቀዘቀዘ ነው። ክፍተቱም ከ1.1 ወደ 0.7 ሚሊ ሜትር ይጥበብ፤ ሰፊ ክፍተት በቡስት ላይ እሳቱን ያጠፋዋል። ፍሪሲዮኑ መንሸራተት መጀመሩ አይቀርም፣ ከወዲሁ ይታሰብበት።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሳ ኢንጀክተሮቹና እሳቱ ተነቅለው፣ የቱርቦው የዘይት መግቢያ ቀዳዳ በዘይት ተሞልቶ፣ የዘይት ግፊት እስኪታይ በ10 በ10 ሰከንድ በሞተሪኖ ይዙር። ከመነዳቱ በፊት መስመሩ በሙሉ በኮምፕሬሰር 0.7 ባር አየር ተሞልቶ መገጣጠሚያው ሁሉ በሳሙና ውኃ ይቀባ። ሞቆ ከቀዘቀዘ በኋላ የማኒፎልዱ ብሎኖች ይጠበቁ፣ ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላም እንደገና።

ከዌስትጌቱ ጋር የምትገናኘው ቀጭን ቱቦ በፕላስቲክ ማሰሪያ ሳይሆን በትንሽ የብረት ማሰሪያ ትታሰር። እሷ ከወለቀች ዌስትጌቱ ግፊቱን አያየውም፣ ቡስቱም የሚያቆመው የለም። ኮምፒውተሩ በ0.6 ባር ነዳጅ እንዲቆርጥ መደረጉ ለዚሁ ነው። በእጅ የሚዞረው የቡስት መቆጣጠሪያ የሚገባው እዚያው ቱቦ ላይ ሲሆን፣ ሥራውም ዌስትጌቱን ማታለል ነው። ከፋብሪካው ቢየላ (ፒስተኑን ከክራንኩ ጋር የሚያገናኘው ዘንግ) ጋር እስከተነዳ ድረስ ከነፕላስቲኩ ሳጥኑ ውስጥ ይቆይ።