«የጥንት የፋርስ ሐር» ተብሎ የተሸጠልኝ ምንጣፍ

ዱባይ ያላችሁ ወገኖቼ፣ በተለይም ዴራ አካባቢ ምንጣፍ ለመግዛት ያሰባችሁ፣ ይህን የምጽፈው ንዴቴ ገና ሳይበርድ ነው። ሻይ አስቀርቦ፣ «እህቴ» እያለ ምንጣፉን በላይ በላይ የሚዘረጋውን ዓይነት ነጋዴ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እኔም አውቀው ነበር፤ ሆኖም በዘጠኝ ዓመት ካጠራቀምኩት ላይ 11,000 ድርሃም ቆጥሬ ሰጠሁት።

በፋርሱ ንጉሥ በሻህ አባስ ዘመን ኢስፋሃንና ካሻን በሚባሉ የፋርስ ከተሞች ውስጥ ብርና በወርቅ የተለበጠ ብር እየገባባቸው ስለተሠሩት የሐር ምንጣፎች፣ እ.ኤ.አ. በ1878 ፓሪስ ላይ ለትርኢት ሲቀርቡም የፖላንድ ሥራ ተብለው ስለመጠራታቸው አወጋኝ። ቤቴ ገብቼ ሳጣራ ታሪኩ እውነት ሆኖ አገኘሁት። ያታለለኝም ይኸው ነው፤ ስለ ጥንቱ ያልዋሸ ሰው እግሬ ሥር ስለዘረጋው፣ «የመቶ ዓመት የካሻን ሥራ» ስላለው ምንጣፍ ይዋሻል ብዬ አልጠረጠርኩም።

ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ የክሩ ነገር ነው። «ሐር መሆኑን በምን ልወቅ?» ስለው ጎንበስ ብሎ ከዘርፉ አንዲት ክር መዘዘና በላይተር ለኮሳት። የተቃጠለ ፀጉር ሸተተኝ፤ ጥቁሩን አመድ መዳፌ ላይ አድቅቆ አሳየኝ። እውነተኛ ሐር በርግጥም እንዲያ ነው የሚቃጠለው። እጁ ወደ ዘርፉ እንጂ ወደ ምንጣፉ መሀል አለመሄዱን በዓይኔ እያየሁ፣ «ከዚህም ምዘዝልኝ» ማለት እንዴት አቃተኝ?

በሦስተኛው ቀን ምንጣፍ የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ ጀርባውን ገልብጠው ዘርፉ በመርፌ የተቀጠለ መሆኑን አሳዩኝ፤ በእጅ በተሠራ ምንጣፍ ላይ ዘርፍ ማለት የድሩ ጫፍ ነውና መቀጠል አያስፈልገውም። ከመሀል የነቀሏት ክር እንደ ወረቀት ነደደች፤ ቪስኮስ የሚሉት፣ ከእንጨት የሚሠራ ሰው ሠራሽ ክር ነበረች። ወርቀ ዘቦ የመሰለኝንም በጥፍራቸው ሲፍቁት የፕላስቲክ ልባጭ ተነሣ። መቶ ዓመት የኖረ ብር ሳይጠቁር እንዲያ እንደማያበራ፣ የእናቴን የብር መስቀል እየወለወልኩ ያደግሁት እኔ ማወቅ ነበረብኝ።

ልመልስ ስሄድ ነጋዴው ደረሰኙን ተቀብሎ «ምንጣፍ፣ አንድ» የሚለውን በጣቱ አሳየኝ፤ ሐር የሚል ቃል የለበትም። ገንዘብ ተቀባዩ ደግሞ ዐረብኛ የማልሰማ መስሎት፣ «ካዳማ ስለ ሐር ምን ታውቃለች?» አለው፤ ሁለቱም ሳቁ።

ክሩ ከመሀል ይመዘዝ፤ ሐር መሆኑ፣ ዕድሜውና የተሠራበት ከተማም ደረሰኙ ላይ ይጻፍ። እምቢ ካሉ ሻዩን ትታችሁ ውጡ።