የሙላቱን ሙዚቃ ጅማ ላይ መቅዳት፦ በሁለት ማይክ ወይስ በ16 ትራክ?

የኢትዮ ጃዝ አባት ሙላቱ አስታጥቄ የተወለዱት ጅማ ነው፣ በ1943 እ.ኤ.አ.። ለክብራቸው በትውልድ ከተማቸው ኮንሰርት ተዘጋጅቶ ቀጥታ ይቀዳ ከተባለ፣ መንገዱ ሁለት ነው።

በሁለት ማይክ መቅዳት ቀላል ነው። ማይኮቹን በ17 ሴንቲ ሜትር ማራራቅ፣ በ110 ዲግሪ ወደ ግራና ቀኝ ማዞር፣ ከመድረኩ ፊት ከፍ አድርጎ መትከል። በ24 ቢትና 48 ኪሎ ኸርዝ የቀረጻ ጥራት አንድ ሰዓት 1 ጊጋባይት ገደማ ይይዛል። ግን ከበሮው ከዋጠው ኋላ ማስተካከያ የለም። ዝናቡ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ከወረደማ (ጅማ ነውና ይወርዳል) ቀረጻው አበቃለት።

16 ትራክ፣ ማለትም የ16 ማይኮችን ድምፅ እያንዳንዱን ለብቻው መቅዳት፣ በሰዓት ከ8 ጊጋባይት በላይ ይፈልጋል፤ መብራት ሲጠፋ ፋይሉ እንዳይበላሽ ዩፒኤስም (ኃይል የሚያቆይ ባትሪ) ግድ ነው። ፈተናው ቪብራፎኑ (ሙላቱ የሚጫወቱት፣ በዱላ የሚመታ ባለ ሞተር የብረት መሣሪያ) ላይ ነው። ሁለት ማይክ ከላይ ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ በጣም ከቀረበ አንዱ ኖታ ጎልቶ ሌላው ይሰወራል፣ የሞተሩም ድምፅ ይገባል። ሳክስፎኑ አጠገቡ ከቆመ ደግሞ ማይኩን ይወርሰዋል፤ ማራቅ ነው። ከፍተኛው ድምፅ ከ−12 ዴሲቤል (0 የመቅጃው ጣሪያ ነው) ባያልፍ ይመረጣል፤ ሶሎ ሲመጣ ሁሉም ይጮኻል።

ለቪብራፎንና ለኮንጋ ሙዚቃ ምርጫችን 16ቱ ነው፤ ከእነሱ ሁለቱን ግን ለአዳራሹ ድምፅ እንተዋለን።