የአለቃ ኪዳነ ወልድን መዝገበ ቃላት በ«አቅመ ቢስ» ፈተንኩት

መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ የተባለው የግዕዝ-አማርኛ መዝገበ ቃላት ይገዛል አይገዛም እያላችሁ ለምታመነቱ፣ እኔ አንድ ቃል ይዤ ነው የገባሁበት፣ «አቅመ ቢስ»። ስራውን የጀመሩት መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ናቸው፣ ተማሪያቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ጨረሱት፣ በ1948 ዓ.ም. ያሳተሙት ደግሞ የሳቸው ተማሪ ደስታ ተክለ ወልድ፣ እና ልፋቱ በደንብ ያስታውቃል።

ግን ወገን፣ የፊደሉ ተራ ያስለቅሳል። ሀለሐመ ሳይሆን አበገደ ነው፣ አቅምን ደግሞ በአልፋው አ ስር ብትፈልጉት እስከ ነገም አታገኙትም፣ ዐቅም ነዋ፣ በዐይኑ ዐ፣ እሱ ደግሞ ከሠ ቀጥሎ ነው ያለው። በዛ ላይ ቃላቱ በግስ ስር ስለሆኑ ግሱን ካላወቃችሁ ገጽ ስትገልጡ ትውላላችሁ።

ሲገኝ ግን ይጣፍጣል። ዐቀመ ማለት ለካ፣ መጠነ፣ ወሰነ ነው፣ ዐቅም ልክ፣ መጠን። ወደ ጉልበትና ችሎታ የወሰደው አማርኛው ነው፣ እና «አቅምህን እወቅ» ስንባል «ልክህን እወቅ» መባላችን ነው ለካ! «አቅመ» ላይ ያለው አነባበብ የግዕዝ ዘርፍ ነው፣ ሁለት ቃል የሚያያይዝ አገባብ ማለት ነው፣ ልክ እንደ ቤተ ክርስቲያን። ቢስ ደግሞ ብእሰ ከሚለው ጋር ይሄዳል፣ ከፋ ማለት ነው፣ መሀል ያለችው እ አማርኛ ላይ ተውጣ ነው። እናቶች «ቢስ አይይሽ» ብለው ሲመርቁ ክፉ አይይሽ ማለታቸው ነው። ስለዚህ አቅመ ቢስ በጥሬው አቅሙ የከፋበት እንጂ አቅም የሌለው አይደለም፣ ዛሬ ግን ፍሬ ቢስ፣ ዋጋ ቢስ፣ መላ ቢስ ሁሉንም «የለሽ» አድርገን ነው የምንሰማው። ለዚህም ይመስለኛል ክረምት ላይ ቤታቸው የሚታደስላቸውን ሰዎች አቅመ ደካማ እንጂ አቅመ ቢስ የማንላቸው፣ ቢስ ውስጥ አሁንም ስድብ አለ።

ቴሌግራም ላይ የሚዞረው ፒዲኤፍ ደብዛዛ ነው፣ ስልክ ላይ ዐ እና ፀ ይምታታሉ፣ አይን ያጠፋል። ኮፒ የምትገዙ ከሆነ ሻጩ ፊት ገልጣችሁ እዩ፣ የኔው መሀል ላይ የነጡ ገጾች አሉት። ለተራ የአማርኛ ፍቺ ለሚፈልግ ተማሪ ይሄ አይሆንም፣ እሱ በ1962 ዓ.ም. የወጣውን የደስታን ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት ይያዝ። ግዕዝ ለሚማር፣ ለሚጽፍ፣ የቃል ዘር ለሚወድ ግን 5 ከ5፣ የፊደሉን ተራ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ሽፋኑ ውስጥ ለጥፉት።