ላብራቶሪ ለሌለው የፊዚክስ ክፍል፦ ፌትን ጅማ ላይ እንዴት አገኘሁት?

ጅማ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት 9ኛና 10ኛ ክፍል ፊዚክስ አስተምራለሁ። ፌት (PhET) የሚባለውን ሲሙሌሽን፣ ማለትም ሙከራን ኮምፒውተር ላይ አስመስሎ የሚያሳይ ፕሮግራም፣ ክፍል ውስጥ መጠቀም ከጀመርኩ ወዲህ የሥራ ባልደረቦቼ ተመሳሳይ ጥያቄ ይጠይቁኛል። ስንት ብር ነው? ኢንተርኔት ይበላል? እኛ ክፍል ውስጥ ይሠራል? ለቸኮለ ሰው መልሱ አጭር ነው። ነፃ ነው። አንዴ ካወረዳችሁት ኢንተርኔት አይፈልግም። እኛ ክፍል ውስጥም ይሠራል፤ ግን አስተማሪው ካልተዘጋጀበት ፊልም ከማየት አይለይም። ጊዜ ያለው ሰው ቀሪውን ያንብብ።

ፌት የአሜሪካው የኮሎራዶ ቦልደር ዩኒቨርሲቲ ሥራ ነው። ያቋቋሙት ካርል ዋይማን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2001 የፊዚክስ ኖቤልን ከተጋሩት ሦስት ሰዎች አንዱ ነበሩ፤ ከሽልማቱ ገንዘብ ከፊሉን አውጥተው በ2002 ይህን ሥራ ጀመሩ። ዛሬ ከ150 በላይ ሲሙሌሽኖች አሉት። ስሙ የመጣው ከፊዚክስ ነው፤ አሁን ግን ኬሚስትሪም፣ ሒሳብም፣ ባዮሎጂም አለው።

ለእኛ ትልቁ ነገር አሠራሩ ነው። እያንዳንዱ ሲሙሌሽን ጥቂት ሜጋባይት የሆነች አንዲት ፋይል ናት። ድረ ገጹ ላይ ማውረጃውን ትጫናላችሁ፣ ፋይሏ ትወርዳለች፣ አለቀ። ፍላሽ ላይ ትገለበጣለች። በቴሌግራም ትላካለች። ክሮም ያለው ማንኛውም ላፕቶፕ ይከፍታታል። ኢንስቶል ማድረግ የለም፣ ፓስወርድ የለም፣ ምዝገባ የለም። ምዝገባ የሚጠየቀው ሌሎች መምህራን ያዘጋጇቸውን የትምህርት ዕቅዶች ለማየት ሲፈለግ ነው፤ እሱም ነፃ ነው። እንደ ካሁት ያለው የጥያቄና መልስ መጫወቻ ለልጆቹ ስልክና ኢንተርኔት ካልተገኘ አይሆንም። የእኛ ተማሪዎች ደግሞ ስልክ ይዘው ግቢ አይገቡም። እዚህ የሚያስፈልገው አንድ ላፕቶፕና አንድ ኤልሲዲ (ፕሮጀክተር) ብቻ ነው።

በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ፕላዝማን፣ ያንን የቴሌቪዥን ትምህርት፣ አይረሳም። በ1997 ዓ.ም. ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ሲገባ እኔ ተማሪ ነበርኩ። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በሳተላይት ይመጣል። ስክሪኑ ላይ ያለችው ሴት ጥያቄ ትጠይቃለች፣ ለጥቂት ሰከንድ ዝም ትላለች፣ መልሱን ራሷ ተናግራ ታልፋለች። እኛ ገና ጥያቄውን እየገለበጥን ነው። መምህራችን ጎበዝ ነበሩ፤ ግን ያንን ነገር ማስቆም አይችሉም። ጥግ ላይ ቆመው አብረውን ያዩ ነበር። ስለዚህ አንድ ቴክኖሎጂ ክፍሌ ሊገባ ሲል መጀመሪያ የማየው ይህንን ነው፦ ልጅ እጁን ሲያወጣ ላስቆመው እችላለሁ? ፌትን አስቆመዋለሁ። ወደኋላ እመልሰዋለሁ። "እንዲህ ቢሆንስ?" ያለ ልጅ ካለ ወዲያው እሱ ያለውን እሠራለታለሁ። የወደድኩት ለዚህ ነው።

አንድ ትምህርት ላሳያችሁ። 10ኛ ክፍል፣ ኤሌክትሪክ። ሲሙሌሽኑ "ሰርኪት ኮንስትራክሽን ኪት፦ ዲሲ" ይባላል። ባትሪ፣ ሽቦ፣ አምፖል፣ ማብሪያ ማጥፊያ እየጎተታችሁ ሰርኪት ትሠሩበታላችሁ። ባትሪውን 9 ቮልት፣ ሁለቱን አምፖሎች እያንዳንዳቸውን 10 ኦም ላይ አደርግና በሲሪስ (በአንድ መስመር አከታትዬ) አገናኛቸዋለሁ። ማብሪያው ግን ክፍት ነው። አላበራም።

ከዚያ እጠይቃለሁ። የመጀመሪያው አምፖል ይበልጥ ይደምቃል የሚል አንድ ጣት። ሁለተኛው የሚል ሁለት ጣት። እኩል ናቸው የሚል ሦስት ጣት። ጣታቸውን የሚያሳዩት ደረታቸው ላይ አስጠግተው ነው፤ ጓደኛ እንዳያይ፣ እኔ ብቻ እንዳይ። ይህቺ ትንሽ ነገር ብዙ ትለውጣለች። እጅ አውጡ ሲባል ሁሉም ጎበዙን ልጅ አይቶ ነው የሚያወጣው። ደረት ላይ ሲሆን ግን እያንዳንዱ የራሱን ይመልሳል። አብዛኛው ልጅ የሚያሳየኝ አንድ ጣት ነው።

አሁንም አላበራም። "ከጎንህ ካለው ጋር ተከራከር፣ አሳምነው" እላለሁ። ይህ ዘዴ የእኔ ፈጠራ አይደለም። ኤሪክ ማዙር የሚባሉ የሃርቫርድ የፊዚክስ መምህር እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምረው ያስፋፉት ነው፦ ጠይቅ፣ ድምፅ አሰጥ፣ ይከራከሩ፣ እንደገና ድምፅ አሰጥ። እኛ ጋ ያለው የአንድ ለአምስት የተማሪዎች ቡድን ለዚህ በደንብ ይመቻል። ክርክሩ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ይሄዳል፤ እኔም አልከለክልም። ልጆቹ እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ ተምረው 9ኛ ላይ ሁሉም ነገር በአንዴ እንግሊዝኛ ይሆንባቸዋል። ሐሳቡን መጀመሪያ አፋቸውን በፈቱበት ቋንቋ ይያዙት፤ እንግሊዝኛውን ቦርድ ላይ እጽፈዋለሁ።

አንድ ጊዜ ከኋላ ዴስክ የምትቀመጥ ልጅ ተነሥታ "ቲቸር፣ የመጀመሪያው አምፖል ከረንቱን ከበላው ለሁለተኛው ምን ይተርፈዋል?" አለች። ግማሹ ክፍል በመስማማት ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ልጆች ስለ ኤሌክትሪክ የሚይዙት ዋናው የተሳሳተ ሐሳብ ይኸው ነው፤ በየአገሩ ያሉ የፊዚክስ መምህራን ያውቁታል። እሷ ደግሞ ጥርት አድርጋ ተናገረችው። ጠርቼ ላፕቶፑ ላይ አስቀመጥኳት። ማብሪያውን ራሷ ዘጋችው። ሁለቱ አምፖሎች እኩል በሩ። ከዚያ ከረንት መለኪያውን እንድትይዝ አደረግኩ። ፌት ላይ አሚተሩን ሽቦው ላይ ማስጠጋት ብቻ ይበቃል፣ ሰርኪቱን መቁረጥ አያስፈልግም። ከመጀመሪያው አምፖል በፊት 0.45 አምፔር። በሁለቱ መሃል 0.45። ከሁለተኛው በኋላ 0.45። ደግማ ለካች። ማንም እንድትደግም አላዘዛትም።

"ታዲያ አምፖሉ የሚበላው ምንድን ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። በጠመኔ ብቻ ሳስተምር ይህን ጥያቄ ከተማሪ አፍ ሰምቼው አላውቅም። ስለ ኢነርጂ፣ ስለ ቮልቴጅ ለመናገር ከዚህ የተሻለ በር የለም። ቮልት ሚተሩን አውጥተን እያንዳንዱ አምፖል ላይ 4.5 ቮልት አነበብን። ፔሬዱ አለቀ፣ ልጆቹ ግን አልወጡም።

በማግስቱ ያንኑ ሰርኪት ፓራለል (እያንዳንዱ አምፖል በራሱ መስመር) አደረግነው። አንዱን አምፖል ስናወጣ ሌላው እንደበራ ቀረ። "የሳሎናችሁ አምፖል ሲቃጠል የኩሽናው ይጠፋል?" ብዬ ስጠይቅ መልሱን ከቤታቸው አመጡት።

ሌላ የምመክረው፦ ከትምህርቱ በፊት አምስት ደቂቃ ዝም ብላችሁ ልጆቹ እንዲነካኩት ተዉአቸው። የፌት ሰዎችም ይህንን ይመክራሉ። አንዱ መጥቶ ባትሪውን በሽቦ ብቻ ያገናኘዋል፣ ባትሪው እሳት ይይዛል፣ ክፍሉ ይንጫጫል። ሾርት ሰርኪት ምን እንደሆነ ለሁሉም ገባ ማለት ነው። ደረጃ በደረጃ "እዚህ ተጫኑ፣ ይህን ጻፉ" የሚል ወረቀት ካደላችሁ ግን ልጁ ወረቀቱን እንጂ ሰርኪቱን አያይም።

ጅማ ላይ ስለሚገጥመው ደግሞ እንነጋገር። መጀመሪያ ዝናቡ። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የአስተማሪ ድምፅ ሁለተኛውን ረድፍ አያልፍም። በዚያ ሰዓት ሌክቸር ማድረግ ድካም ብቻ ነው። ፌት ግን ድምፅ አይፈልግም። ጥያቄውን ቦርድ ላይ እጽፋለሁ፣ ሰርኪቱ ስክሪኑ ላይ አለ፣ ጣቶች ደረት ላይ ይወጣሉ። ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ ያለ አንድ ቃል የሄደ ትምህርት አለኝ።

መብራት ሲጠፋ ኤልሲዲው ይጠፋል፣ ላፕቶፑ ግን ባትሪ አለው። ለዚህ ሁልጊዜ ተዘጋጅቼ እገባለሁ። አንድ ቡድን ላፕቶፑ ጋ ይመጣል፣ ሌሎቹ ሰርኪቱን ደብተራቸው ላይ ይሥላሉ፣ ውጤቱን ይገምታሉ፣ ከዚያ ይቀያየራሉ። ያዘግማል፤ ግን ትምህርቱ አይቋረጥም። ላፕቶፑን ማታ ሙሉ ቻርጅ ማድረግ፣ ፋይሉን ክፍል ከመግባታችሁ በፊት ከፍቶ ማየት፣ መስኮቱ ላይ ጥቁር ጨርቅ ማንጠልጠል ግዴታ ነው። ብርሃን ካለ የኋላው ልጅ ኤሌክትሮኖቹን አያይም። ሲሙሌሽኑ ላይ ማጉያ ምልክት አለ፤ ተጠቀሙበት።

ቅር የሚለኝን ልናገር። ፌት ላይ ሁሉም ነገር በጣም ንጹሕ ነው። ሽቦ አይላላም፣ አምፖል ተቃጥሎ አይገኝም። ፌትን ብቻ ያየ ልጅ እውነተኛ ሽቦ ሲይዝ ግራ ይገባዋል። ስለዚህ ከጅማ መርካቶ የባትሪ ድንጋይ፣ የእጅ ባትሪ አምፖልና ቀጭን ሽቦ ገዝቼ ለየቡድኑ እሰጣለሁ። መጀመሪያ አይበራላቸውም። ለምን? ሽቦው አልተላጠም፣ ወይም ጫፉ የአምፖሉን ትክክለኛ ቦታ አልነካም። ያን ፍለጋ ስክሪን አያስተምርም። እኔ በፌት ጀምሬ በእጅ እጨርሳለሁ፤ ጊዜ ካጠረኝ የማስቀረው ፌቱን ነው።

ሁለተኛው ነገር ኤሌክትሮኖቹ ናቸው። ስክሪኑ ላይ ትንንሽ ሰማያዊ ኳሶች ሆነው በሽቦው ውስጥ ይሮጣሉ። ልጆቹ በእውነትም እንዲህ የሚሮጡ ይመስላቸዋል። በተለመደ ሽቦ ውስጥ የኤሌክትሮን ጉዞ በሰከንድ አንድ ሚሊሜትር እንኳ እንደማይሞላ መንገር አለባችሁ። "ታዲያ አምፖሉ ለምን ወዲያው ይበራል?" ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። መልሱን ይዛችሁ ግቡ፦ ኤሌክትሮኖቹ ከመጀመሪያውም ሽቦውን ሞልተውታል፣ ሰርኪቱ ሲዘጋ ሁሉም ባንድነት ይንቀሳቀሳሉ።

ሦስተኛው ጥብቅ ማሳሰቢያ ነው። ሲሙሌሽኑ ውስጥ የሰው እጅ እንኳ ሰርኪት ላይ ማስገባት ይቻላል። ስክሪን ላይ ማንም አይጎዳም። የቤታችን ሶኬት ግን 220 ቮልት ነው፣ ይገድላል። ይህን በየትምህርቱ መጀመሪያ እላለሁ፤ ልጆቹ ቢሰለቻቸውም እላለሁ።

ሌሎቹን በአጭሩ። "ፕሮጀክታይል ሞሽን" ለተወርዋሪ አካል ጥሩ ነው፣ የአየር ሰበቃውን እያጠፋችሁና እያበራችሁ ማነጻጸር ትችላላችሁ። "ቢልድ አን አቶም"ን የኬሚስትሪ መምህሯ ከእኔ ወስዳ በጣም ወዳዋለች። "ኢነርጂ ስኬት ፓርክ" ፊዚክሱ ግሩም ነው፤ ነገር ግን ስኬትቦርድ አይተው የማያውቁ ልጆች ስላሉ መጀመሪያ ከጂሬን ኮረብታ ቁልቁል ፔዳል ሳይመታ በብስክሌት ስለሚወርድ ልጅ እንነጋገራለን። ከዚያ ስክሪኑ ይገባቸዋል። "ፋራዴይስ ሎው" ላይ ማግኔት ጥቅልል ሽቦ ውስጥ ሲገባና ሲወጣ አምፖል ይበራል፤ ማግኔቱ ሲቆም ይጠፋል። እሱን ካየን በኋላ ስለ ጊልገል ግቤ አንድ እናወራለን። ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራ፣ 184 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው ግድብ ነው፤ እዚሁ ዞናችን ነው ያለው። ውሃው ተርባይኑን የሚያዞረው ለምን እንደሆነ ከማግኔቱ ጋር ሲያገናኙት ፊታቸው ላይ ይታያል።

ስልክ ላይስ? ይሠራል። ቤት ስልክ ላላቸው ፋይሉን በቴሌግራም እልካለሁ። የሰርኪቱ ሲሙሌሽን ግን ትንሽ ስክሪን ላይ ያስቸግራል፤ ሽቦና አምፖል በጣት ማገናኘት ትዕግሥት ይጠይቃል። ፋይሉ አልከፈት ካለ በክሮም እንዲከፍቱት ንገሯቸው። ለስልክ የሚሻለው "ፋራዴይስ ሎው" ነው፣ የሚጎተተው ማግኔቱ ብቻ ነውና።

ነጥብ ስጪ ካላችሁኝ ከአምስት አራት ተኩል እሰጠዋለሁ። ግማሿን የቀነስኩት ለዚያ ከልክ ላለፈ ንጽሕናው ነው። ልትጀምሩ ካሰባችሁ ሁሉንም በአንዴ አታውርዱ። ለሚቀጥለው ምዕራፍ የምትፈልጉትን አንዱን ብቻ አውርዱ፣ ማታ ቤት ተቀምጣችሁ እንደ ተማሪ ተጫወቱበት፣ ለክፍሉ የምትጠይቁትን አንድ ጥያቄ ጻፉ። ፋይሉ አንዴ ከወረደ ራሱን አያድስም፤ እኔ በየክረምቱ መስከረም ሳይጠባ አዲሱን አውርጄ በአሮጌው ፋንታ ፍላሼ ላይ አስቀምጣለሁ።